ግንቦት በችግኝ ቤት፦ የውሃ ነገር

ግንቦት 2

ጠዋት ቆጠራ አደረግን። ቲማቲም 41 ትሪ፣ ቃሪያ 26፣ ጥቅል ጎመን 18፣ ሰላጣ 9። ትሪው ባለ 72 ጉድጓድ ነው፤ ሲባዛ 6,768 ችግኝ ይመጣል፣ ያውም ሁሉም ከበቀለ። ከዚያ ውጭ በፕላስቲክ ከረጢት ያሉ አቮካዶዎች፣ አሸዋ ውስጥ የሰካናቸው የሮዝመሪና የላቬንደር ቁርጥራጮች፣ ካምናው የተረፉ ጽጌረዳዎች አሉ። ይህን ሁሉ የምንይዘው ሦስት ሰዎች ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ለዚህ ሰሞን ሊያግዘን የመጣው የእህቴ ልጅ። አንድ ፓምፕ፣ አንድ ጎማ።

ዘንድሮ ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት አምና ምን እንዳጠፋሁ ላስታውስ ብዬ ባስብ ባስብ አልመጣልህ ስላለኝ ነው። ከቃሪያው ግማሹ እንደሞተብኝ አውቃለሁ። በስንተኛው ቀን፣ ከምን በኋላ የሚለውን ግን ግርግሩ በልቶታል። አሁን ደብተሩ ፓምፑ አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ እርሳሱም በሲባጎ ታስሮበታል፤ ካልታሰረ ማታውን አይገኝም።

ግንቦት 4

ልጁ ውሃ ሲያጠጣ ቆሜ አየሁት። ጎማውን ይዞ እንደ አጫጅ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ያልፋል። ከላይ ሲያዩት ሁሉም ረጥቧል። መሃል ያለ አንድ ችግኝ ስነቅል አፈሩ ጭቃ ሆኗል፤ ጠርዝ ላይ ያለውን ስነቅል ከላይ የጣት ውፍረት ያህል ረጥቦ ከታች አቧራ ነው። ጠርዝ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል፤ ነፋሱም ፀሐዩም የሚያገኙት እሱን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዙሪያውን፣ ከዚያ መሃሉን፣ ከዚያ እንደገና ዙሪያውን።

«ጋሼ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው የማጠጣው?» አለኝ።

«እሱን ትሪው ይነግርሃል» አልኩት። የሽማግሌ ተረት የነገርኩት መሰለው መሰለኝ፣ ፈገግ አለ። ሚዛን አመጣሁ። በደንብ ጠጥቶ ውሃው ከሥሩ ተንጠባጥቦ ያበቃ ትሪ 3 ኪሎ ከ200 ግራም። ማጠጣት የሚገባው፣ ግን ገና ያልጠወለገ ትሪ 2 ኪሎ ግድም። በመካከላቸው ያለው ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ነው፤ ይህን ዓይን ባያየውም እጅ ያውቀዋል። ዓይኑን አስጨፍኜ ትሪ በትሪ አስነሣሁት። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይገምት ነበር። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ «ይሄ ጠጥቷል፣ ይሄ እስከ ማታ ይቆያል፣ ይሄ አሁን» ማለት ጀመረ። ሁለቱን ብቻ ተሳሳተ።

ግንቦት 5

አፈር ቅልቅል። 2 እጅ የተነፋ ብስባሽ፣ 2 እጅ ኮኮፒት (የተፈጨ የኮኮናት ቅርፊት)፣ 1 እጅ አሸዋ። ኮኮፒቱን ከማታ ጀምሮ ነክረን ማደር ነበረብን፣ ረስተን ስለነበር በጠዋት በሙቅ ውሃ አራስነው። ልኩን የማየው ጨብጬ ነው፦ ጠበቅ ሳደርገው በጣቶቼ መሃል አንድ ሁለት ጠብታ መውጣት አለበት፤ እጄን ስከፍት ቅርጹን ይዞ ይቆይና በጣት ነካ ሲያደርጉት ይፈርሳል። ካልፈረሰ ውሃ በዝቷል ማለት ነው።

ብስባሹ ዘንድሮ ጥሩ ነው። ክምሩ መሃሉ ከ55 ዲግሪ በላይ ሞቆ ቀናት ካልቆየ የአረም ዘሩ አይሞትም፤ ያንን ሳንጠብቅ የተጠቀምንበት ጊዜ ከቲማቲም ይልቅ አረም ነው ያፈላነው።

ግንቦት 8

ገዢ መምጣት ጀመረ። ሰማዩ ትንሽ ሲጠቁር ሰው ሁሉ በአንድ ቀን መትከል ያምረዋል።

ዕድሜያቸው ከእናቴ የሚስተካከል አንዲት ደንበኛችን መጥተው ከጥላው ሥር ያለውን ቲማቲም ጠየቁ። ያ ገና ፀሐይ ያልቀመሰ ነው። ቅጠሉ ለስላሳ፣ አረንጓዴው የሚያምር፣ ግን በጣት ብትነካው እንደ ውሃ ይታጠፋል።

«እትዬ፣ አንድ ሳምንት ይታገሡኝ፤ ፀሐይ ላለምደው።»

«ችግኝ ችግኝ ነው ልጄ። አንተ ደግሞ ልጅህን ልትድር ነው እንዴ እንዲህ የምታማርጠው?»

ባለቤቴ በሳቅ ፈረሰች። ሴትየዋ አልተመለሱም፣ አንድ ትሪ ይዘው ሄዱ። «እሺ፣ ማታ ማታ ይትከሉት፣ ለአራት አምስት ቀን ጥላ ይሥሩለት» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሰሙኝ አይመስለኝም።

ማለማመዱ እንዲህ ነው የምንሠራው፦ የመጀመሪያ ሁለት ቀን የጠዋት ፀሐይ ብቻ፤ ከዚያ እስከ እኩለ ቀን፤ ከሳምንት በኋላ ቀኑን ሙሉ። ውሃውም አብሮ ይቀንሳል፣ አይቋረጥም፤ ትንሽ ጠውለግ ሊል ሲል ነው የሚጠጣው። በ7ኛው በ10ኛው ቀን ግንዱ ወደ ሐምራዊ ይወስደዋል፣ ቅጠሉ ይወፍራል። ችግኙ ያኔ ለዓይን ያን ያህል አያምርም። ችግሩ እሱ ነው፤ ገዢ የሚመርጠው የሚያምረውን ነው፣ የሚያምረው ደግሞ ያልበሰለው ነው።

ግንቦት 11

ከኋላ ያሉት 6 ትሪ ቲማቲሞች ተመዘዙ። ቦታ ጠቦን አጣበን ስላስቀመጥናቸው እርስ በርስ እየተጋፉ ወደ ላይ ይሸሻሉ። አራርቀን አስቀመጥናቸው። ልጁን ደግሞ ቀጭን ለስላሳ ዘንግ ሰጥቼ ጠዋትና ማታ በጫፋቸው ላይ አሥር አሥር ጊዜ እንዲያመላልስ አዘዝኩት። ነፋስ ሲያወዛውዘው የሚያጥር የሚወፍር ተክል ዘንግም ሲያወዛውዘው ያው ነው። ልጁ ግን አላመነም። «ጋሼ፣ እያሻሸሁ ነው ወይስ እየገረፍኩ?» ይላል። ቅጠላቸው እርጥብ ሲሆን አይነካም፤ ያን ጊዜ ይጎዳል።

የፈራሁት አንድ ነገር ነበር። የሚነካ ነገር ሁሉ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው በሽታ ሊያጓጉዝ ይችላል። የትንባሆ ሞዛይክ የሚባለው ቫይረስ ቲማቲምንም ቃሪያንም ይይዛል፣ ሲጋራ ከነካ ጣት ላይ ይሻገራል። የኔዘርላንዱ ሊቅ ቤየሪንክ እ.ኤ.አ. በ1898 «ይህ ከባክቴሪያ የተለየ ነገር ነው» ብሎ ቫይረስ የሚለውን ስም የሰጠው ይህንኑ የትንባሆ በሽታ ሲመረምር ነው። ስለዚህ ዘንጉ በየቀኑ በሳሙና ይታጠባል። በሩ ላይ ሳሙናና ውሃ አለ፤ የሚያጨስ ደንበኛ እጁን ሳይታጠብ ቅጠል አይዳብስም። ትናንት አንድ ሰውዬ በዚህ ቅር ብሎት ነበር የሄደው። ይሂድ።

ግንቦት 13

የውሃው ጥፋት ደረሰ፣ ያውም ከልጁ አይደለም፣ ከኔ።

ትናንት የገዢ ጋጋታ በዝቶ እስከ ማታ ድረስ ትሪ ያነሣ ሰው አልነበረም። አመሻሽ ላይ እኔ ራሴ ጎማውን ያዝኩና ቃሪያውን በሙሉ በአንድ ዙር አረሰረስኩት። አላነሣሁም፣ አልመዘንኩም። ሌሊቱ ደመና ነበር፣ ነፋስም አልነበረም፤ ቅጠሉ እንደረጠበ አደረ። ለነገሩ ይህ ያንድ ማታ ሥራ ብቻ አይመስለኝም። ደብተሩን ወደ ኋላ ሳገላብጥ ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ቃሪያውን ያጠጣሁት በሙሉ አመሻሽ ላይ ነው።

ዛሬ ጠዋት ከጥግ ያሉት ሦስት ትሪዎች ተኝተዋል። የጠወለጉ አይደሉም፤ ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው፣ ደህና ይመስላል፣ ግን ተጋድመዋል። አንዱን አንሥቼ አየሁት። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ የክብሪት እንጨት ራስ በምታህል ርዝመት፣ ውሃ የቋጠረ ይመስላል፤ ቡናማ ሆኗል፣ እንደ ክር ቀጥኗል። ከዚያ በላይ ጤነኛ፣ ከዚያ በታች ጤነኛ። ሳብ ሳደርገው ያለ ድምፅ እዚያው ቦታ ላይ ተበጠሰ።

ፒቲየም ነው ብዬ ገምቻለሁ፤ ራይዞክቶኒያም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም እርጥብ አፈር ውስጥ ችግኝ የሚያበሰብሱ ተሕዋስያን ናቸው፣ በዓይን አይለዩም። ለኛ የሚደረገው ነገር አንድ ስለሆነ አልተጨነቅሁም። ሦስቱን ትሪ ከነአፈሩ አውጥተን ርቀን ቀበርነው። አጠገባቸው ከነበሩት አራቱ ላይ የተጋደሙትን ከነዙሪያቸው አንሥተን ለብቻ አስቀመጥን። የጥላ መረቡን በነፋሱ ወገን ጠቀለልነው። የቀሩት ትሪዎች ከእንጨት ወለሉ ላይ በጡብ ከፍ አሉ፣ ከሥር አየር እንዲያልፍ። ከዛሬ ጀምሮ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ማንም ቃሪያ አያጠጣም። «ማንም» ያልኩት እኔን ነው።

216 ችግኝ ሙሉ በሙሉ ሄደ። ለልጁ ስናገር የተሰማኝ ሐፍረት ከዚያ ይበልጣል። እሱ ግን ምንም አላለም፤ ሄዶ የቀሩትን ትሪዎች አንድ በአንድ እያነሣ መመዘን ጀመረ።

ግንቦት 14

ሌላም ነገር ተገኘ። ቃሪያው አካባቢ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች አሉ፣ ትሪ ሲነካ ብር ብለው ተነሥተው መልሰው አፈሩ ላይ ይቀመጣሉ። የሚበርረው አይደለም የሚጎዳው፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ትሉ ነው ለጋ ሥር የሚበላው። ይህም የሚራባው ላዩ ሳይደርቅ በሚውል አፈር ነው። እንግዲህ አንድ ጥፋት ሁለት ቅጣት።

መኖሩን ለማረጋገጥ ድንች ቆራርጠን፣ የተቆረጠው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ፣ አሥር ትሪ ላይ አንዳንድ ቁራጭ አስቀመጥን። ነገ ይገለበጣል።

ግንቦት 15

ድንቹ ተገለበጠ። ከአሥሩ በአራቱ ላይ ትል አለ፤ አካሉ ብርጭቆ ይመስላል፣ ራሱ ግን የጥቁር ነጥብ ያህል ይታያል። ልጁ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ለግማሽ ሰዓት ሲያየው ሥራው ተረሳ። አልተቆጣሁም፤ እኔም መጀመሪያ ያየሁ ቀን እንደዚያው ነበርኩ።

መድኃኒት አልረጨንም። ቢጫ ተለጣፊ ወጥመድ ሰቀልን፣ አፈሩ ላይ ስስ የአሸዋ ንብርብር ነሰነስን፣ ላዩ እስኪደርቅ ውሃ ከለከልን።

ግንቦት 17

የአቮካዶ ዳቀላ፣ ማለትም የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላው ችግኝ ግንድ ላይ ማጣበቅ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ተቀመጥን፤ ፀሐይ ሳይበረታ ማለቅ አለበት። የሚዳቀልባቸው ችግኞች የእርሳስ ውፍረት የደረሱት ናቸው፤ 60 ነበሩን፣ 12ቱ ገና ቀጭን ስለሆኑ ቀሩ። ቅርንጫፎቹን የቆረጥነው ጠዋት ነው፤ ጫፋቸው ላይ ያለው እንቡጥ ያበጠ፣ ግን ያልፈነዳ መሆን አለበት። ቅጠላቸውን ወዲያው ቆርጠን፣ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን በጥላ አስቀመጥናቸው።

ስለ እጅ ሥራው፦ ግንዱን ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ መሃሉን ወደ ታች ሦስት ሳንቲ ሜትር እሰነጥቃለሁ። ቅርንጫፉን በሁለት ወገን እንደ ሽብልቅ እቀርጸዋለሁ፣ በአንድ በአንድ ምት፤ ደግሞ ደጋግሞ የሚፍቅ እጅ ፊቱን ያጎድለዋል፣ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ደግሞ አይገናኝም። ዋናው ከልጡ ሥር ያለው አረንጓዴው ስስ ንብርብር ከአረንጓዴው ጋር መገናኘቱ ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ ከቀጠነ መሃል ላይ አይቀመጥም፣ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፤ በአንድ ወገን እንኳ ልጥ ከልጥ ይግጠም። ከዚያ በላስቲክ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል፣ ጫፉን በትንሽ ፌስታል መሸፈን። ምላጩን በየዛፉ መሃል በ70 ፐርሰንት አልኮል እጠርጋለሁ።

ልጁ ሦስት ሞከረ። አንዱ ላይ ጣቱን ቆረጠ፣ ፕላስተር አደረግንለት። ሁለተኛው ገጥሟል ብዬ አስባለሁ።

እየሠራን የሃስ አቮካዶን ነገር አወራሁለት። ሩዶልፍ ሃስ የሚባል የካሊፎርኒያ ፖስታ አመላላሽ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ገደማ ከተከላቸው ችግኞች አንዱ ላይ የወቅቱን ታዋቂ ዝርያ፣ ፉዌርቴን፣ ሊያዳቅልበት ቢሞክር ቢሞክር እምቢ አለው። በቃ ይቅር ብሎ ተወው። ያ እምቢተኛ ዛፍ አድጎ ያፈራው ፍሬ ጥሩ ሆነና በ1935 በስሙ ፓተንት አወጣበት። ዛሬ ሃስ የሚባለው ሁሉ ከዚያች አንዲት ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ የተዳቀለ ነው። እናቲቱ ዛፍ እስከ 2002 ድረስ ቆማ ነበር፤ የገደላት የሥር መበስበስ ነው።

«ከምን መጣ?» አለኝ።

ፋይቶፍቶራ ከሚባል ተሕዋስ ነው፣ የፒቲየም ዘመድ። ሁለቱም እንደ ሻጋታ ይምሰሉ እንጂ ሻጋታ አይደሉም፤ የሚራቡበት ዘር ጅራት አለው፣ በአፈር ውሃ ውስጥ ይዋኛል። ውሃ በሌለበት መዋኘት የለም። ልጁ ዞር ብሎ የቃሪያውን ቦታ አየ። እኔም አየሁ።

የአቮካዶ ከረጢቶች ሁሉ ከሥራቸው ጠጠር ላይ ናቸው፤ አንዱም ባዶ መሬት ላይ አይቀመጥም። ውሃ የቋጠረውን ከረጢት በምስማር በጎኑ በሳሁት።

ግንቦት 20

19 ትሪ ተሸጦ ወጣ። ምሳ አልበላንም።

ግንቦት 22

ከሰዓት በረዶ ዘነበ። ከ15 ደቂቃ አይበልጥም፣ ግን የአተር ፍሬ የሚያህል ነበር። የጥላ መረቡ ችግኙን አዳነ፤ በረዶው መረቡ ላይ ተከምሮ እንደ ሆድ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ሦስታችንም መጥረጊያ ይዘን ከሥሩ ወደ ላይ እየገፋን ወደ ጎን አራገፍነው። አንደኛው ምሰሶ ዘመመ። ባለቤቴ አንገቷ ላይ የወረደባትን በረዶ እያወጣች የተናገረችውን እዚህ አልጽፍም።

ትልቁ ጉዳት በኋላ ነው የታየው። የሚያቃጥለውና የማያቃጥለው ቃሪያ ምልክታቸው ላይ የተጻፈው ጠፍቷል። ውሃው አይደለም ያጠፋው፤ ፀሐይ ከሳምንት በፊት አንሥታ አደብዝዛዋለች፣ ዝናቡ የቀረውን ጨረሰው። «የማይለቅ» ተብሎ የተገዛ ማርከር ነው። አራት ትሪ ናቸው፣ ቅጠላቸው አንድ ነው። እርሳስ ብንጠቀም ኖሮ ፕላስቲክ ላይ ዓመት ይቆይ ነበር። ያለው አማራጭ እንዳለ መናገር ነው፦ «ቃሪያ፣ ዓይነቱ ያልታወቀ»። ልጁ «ዕጣ ነው ብለን እንሽጠው» አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ማታ ሳየው ሁለቱ ተሸጠዋል።

ከዛሬ ጀምሮ ምልክት ሁሉ በእርሳስ።

ግንቦት 26

ሴትየዋ ተመለሱ፣ ያ ለስላሳ ቲማቲም የወሰዱት። ቅጠል ይዘው መጡ፤ ሰፋፊ ነጭ ቦታ ወጥቶበታል፣ እንደ ወረቀት ደርቋል። ፀሐይ ያቃጠለው ነው። ይህን ማንም ያውቃል፣ አልገረመኝም። የገረመኝ ቀጥለው ያሉት ነው።

«ውሃ ጠምቶት ይሆን ብዬ ጠዋትም ማታም አጠጣሁት። ባጠጣሁት ቁጥር ይብሳል።»

የነቀሉትንም አምጥተው ነበር። ሥሩን አየሁት፤ ነጭ መሆን የነበረበት ቡናማ ነው፣ በጣቴ ሳብ ሳደርገው ቅርፊቱ እንደ ካልሲ ወልቆ መሃሉ ክር ሆኖ ቀረ። ፀሐዩ ቅጠሉን ነው ያቃጠለው፤ ከሥር ጀምሮ የገደለው ግን ርኅራኄያቸው ነው። የጠወለገ ተክል ያየ ሰው እጁ ወደ ውሃ ይሄዳል፤ ሥሩ የታፈነም የተጠማም የሚጠወልገው አንድ ዓይነት ነው። እንዲህ አድርጌ ልነግራቸው አልቻልኩም። ከሁለት ሳምንት በፊት 216 ቃሪያ በዚሁ እጄ የቀበርኩ ሰው ነኝ።

የተለማመደውን አንድ ትሪ ሰጠኋቸው፣ ያለ ክፍያ። ልጁ ጣልቃ ገባና ትሪውን አስያዛቸው፤ «እማማ፣ እንደዚህ ሲቀልዎት ነው የሚያጠጡት» አላቸው። ደግሞ አንድ የጠጣ ትሪ አምጥቶ አነጻጸረላቸው። ሴትየዋ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ይዘው ቆሙ። «እንደ እንጀራ ልጅና እንደ ሆድ ልጅ» ብለው ሳቁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፣ ግን ተግባብተናል።

ሰኔ 1

የተመዘዙት ቲማቲሞች በዘንጉ አጠር ብለው ወፈሩ፤ ካልተነኩት አጠገብ ሲቀመጡ ልዩነቱ ይታያል። ልጁ ጎን ለጎን አሰልፎ በስልኩ ፎቶ አነሣቸው። ጥቅል ጎመኑ አልቋል። ሰላጣው በሙቀቱ አናቱን አውጥቶ አበባ ሊያደርግ ነው፣ ሁለት ትሪ ወደ ብስባሹ ሄደ። ዝንቡ ቀንሷል፣ ትናንት ወጥመዱ ላይ የተቆጠረው 7 ብቻ ነው።

ሰኔ 9

ፌስታሎቹን ከአቮካዶው ላይ ገለጥን። 48 ነበሩ። 39ኙ እንቡጣቸው ፈንድቷል፤ ቅጠሉ ገና እንደ ሩዝ ፍሬ ነው፣ ቀላ ያለ። 6ቱ ጠቁረዋል። 3ቱ አልተወሰነላቸውም፣ ልጡ አረንጓዴ ነው ግን ዝም ብሏል፤ ይቆዩ። ልጁ ከሠራቸው ሦስት ሁለቱ ይዘዋል፣ አንደኛው ጣቱን የቆረጠበት ነው።

ባዶ ትሪዎቹን አጠብን፤ መጀመሪያ ጭቃው በብሩሽ ይነሣል፣ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋል። ቃሪያ የሞተባቸውን ሦስቱን ለብቻ ሁለቴ ዘፈዘፍኳቸው፣ ያለ ምክንያት አይደለም።

አመሻሽ ላይ የቀሩት 8 የቃሪያ ትሪዎች ላይ ጎማውን ላነሣ ስል ልጁ ቀድሞኝ ደረሰ። አንዱን ትሪ ብድግ አደረገ፣ ትንሽ ወዘወዘው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ነገ ጠዋት፣ ጋሼ።»

ጎማውን ጠቀለልኩት።